ከቡናው በፊት ውሃው

ልጄ፣

ወንድምሽ ከቨርጂኒያ ይዞልሽ የመጣው የኤስፕሬሶ ማሽን ላንጋኖ መድረሱን ሰማሁ። «ጋሼ፣ ውሃ እንዴት እንደሚጨመርበትና እንዴት እንደሚጸዳ ንገረኝ» ላልሽኝ በስልክ ብጀምርልሽ ካርዱ ያልቃል እንጂ ወሬው አያልቅም። ስለዚህ ቁጥር እየሰጠሁ ጽፌልሻለሁ። ወረቀቱን ከማሽኑ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፊው፤ ቤቱን የሚጠብቀው ልጅም ያንብበው፤ ማሽኑን ከአንቺ ይልቅ አዘውትሮ የሚነካው እሱ ነውና።

ዕድሜዬን የጨረስኩት ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ባለው መስመር የቡና ማሽን ስፈታና ስገጥም ነው። ሥራ በዝቶበት የሞተ ማሽን እምብዛም አላየሁም። የሚገድላቸው የተጨመረባቸው ውሃና ውስጣቸው ያደረ ወተት ነው። ብዙ ሰው ማጽዳት የሚጀምረው ማሽኑ ሲቆሽሽ ይመስለዋል፤ የሚጀምረው ግን ታንኩን ስትሞዪ ነው። ላንጋኖ ላይ ደግሞ ውሃው የራሱ ጠባይ ስላለው አዲስ አበባ የተማርሽው ሁሉን አይፈታልሽም።

1. ከሁሉ በፊት ሶኬቱ

አሜሪካ የተሸጠ ማሽን ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ የኛ ግድግዳ 220 ይሰጣል። ከማሽኑ ሥር ወይም ከጀርባው የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቢ። 120 ብቻ የሚል ከሆነ፣ ከኤርፖርት የምትገዛው የሶኬት መለወጫ የሹካውን ቅርጽ እንጂ ኃይሉን አትለውጥም፤ በዚያ ከሰካሽው ወዲያው ይቃጠላል። የሚያስፈልግሽ ትራንስፎርመር ነው፤ እሱም ለሬዲዮ የሚሆነው ትንሹ ሳይሆን ከማሽኑ ዋት በላይ የሚሸከመው። 1,300 ዋት ለሚስብ ማሽን 2,000 ዋት የሚችለውን ግዢ። ትራንስፎርመርም የማያስተካክለው አንድ ነገር አለ፤ የአሜሪካ መብራት በሰከንድ 60 ጊዜ ይመታል፣ የኛ 50። የቤት ማሽን ፓምፕ የሚርገበገበው በዚያው ምት ስለሆነ እዚህ ትንሽ ይለግማል። አትደንግጪ፣ ቡናው ይወጣል።

መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀዪ። ዕቃ የሚያቃጥለው የመብራቱ መሄድ ሳይሆን ሲመለስ ዘሎ መምጣቱ ነው።

2. ውሃሽን በሳሙና ፈትኚው

ለማሽን የሚያስቸግር ውሃ ሁለት ዓይነት ነው፤ መዘዛቸውም ለየቅል ነው። አንደኛው የኖራ ድንጋይ አቋርጦ የመጣ ውሃ ነው። ድሬዳዋ ወይም መቀሌ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል። ውሃው ሲሞቅ በውስጡ የሟሟው ካልሲየም ከካርቦኔት ጋር ተያይዞ ይዘቅጥና ብረቱ ላይ ይለጠፋል። የቡና ማሽን ጠጋኝ እንጀራው ይህ ቅርፊት ነው።

ሁለተኛው የስምጥ ሸለቋችን ውሃ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ መሐል ስለሚወጣ በብዛት ካልሲየሙ ትንሽ፣ ሶዳው ብዙ ነው። አቢጃታ ዳር ሶዳ አሽ የሚያመርት ፋብሪካ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ላንጋኖ ውሃውን በሆራ ቀሎ ወንዝ በኩል ወደ አቢጃታ ስለሚያፈስ ጨው የመከማቸቱ ነገር ቀለል ይልለታል፤ አቢጃታና ሻላ ግን መውጫ የላቸውም፣ የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል። እናንተ ሰፈር የተቆፈረ ጉድጓድም የዚሁ ምድር ልጅ ነው።

አሁን ፈትኚ። አንድ ባዶ ሃይላንድ ውሰጂ፣ ከጉድጓዱ ውሃ ግማሽ አድርጊበት፣ ተራ የልብስ ሳሙና ፍቀሽ ጣት ጫፍ የምታህል ጨምሪና ክዳኑን ዘግተሽ ነቅንቂው። ላርጎ ወይም ኦሞ እንዳትጠቀሚ፤ እነሱ በማንኛውም ውሃ አረፋ ስለሚያወጡ ምንም አይነግሩሽም። ሳሙናው አረፋ እምቢ ብሎ ነጭ ቅራሪ ከላይ ከሰፈፈ ውሃሽ ኖራ አለበት፤ ማሽንሽ ይታነቃል። ቶሎ አረፋ አውጥቶ እጅሽ ላይ ሲፈስ ሙልጭልጭ ካለና አልለቅ ካለሽ ደግሞ ሶዳማው ነው። ይኸኛው ማንቆርቆሪያ ላይ ያን ያህል ቅርፊት ላይተው ይችላል፤ ሰውም ማንቆርቆሪያውን አይቶ «ውሃችን ንጹሕ ነው» ይላል። ቡናው ላይ ግን ይታያል። ከይርጋጨፌ የመጣ፣ ኮምጠጥ እያለ አፍ የሚያነቃ ቡና በዚህ ውሃ ሲወጣ ይፈዛል፣ ምክንያቱም ሶዳው የቡናውን አሲድ ይገድለዋል። ያን ጊዜ ሰው የሚወቅሰው ቆይውን ነው።

3. የማይታየው

ይህን ቁጥር ለቡናው ብዬ ሳይሆን ለልጆችሽ ብዬ ነው የምጽፈው፤ ማሽኑን ሰበብ አድርጌ ልንገርሽ።

ካልሲየም ባነሰበትና ሶዳ በበዛበት ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ ይበዛል። ካልሲየም ቢኖር ኖሮ ይዞት ይዘቅጥ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ የመከረው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ ከመቂ እስከ አርሲ ነገሌ ባለው ቆላ ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ ያልፋሉ። የሰፈሩ ሰው ጥርስ ላይ የምታዪው ቡናማ ዝንጉርጉር የመጣው ከቡናም ከሲጋራም አይደለም፤ ጥርሱ ድድ ውስጥ ሳለ ገና በልጅነት ከጠጣው ውሃ ነው። በ1954 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ሥራ የጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ለዘመናት የጉድጓድ ውሃ ሲጠጡ ኖረው፣ ከጥርስ አልፎ አጥንታቸው የታመመና ወገባቸው የደረቀ ሰዎች እንደነበሩ ሐኪሞች መዝግበውታል። አዳማ ላይ ያለነው የቧንቧችን ምንጭ ተጣርቶ የሚመጣ የአዋሽ ውሃ በመሆኑ ተርፈናል።

አሁን ልብ የምትይው ይህን ነው። ፍሎራይድ በመፍላት አይጠፋም። እንዲያውም ውሃው ሲተን እሱ ይቀራል፤ ሁለት ሊትር አፍልተሽ አንድ ሊትር ሲቀርሽ መጠኑ እጥፍ ሆኗል። ከማሽኑ ጋር በካርቶን የመጣችው፣ ታንኩ ውስጥ የምትገባው ማለስለሻም ካልሲየም ትይዝ ይሆናል እንጂ ፍሎራይድን አታቆመውም። የአጥንት ከሰል ያለበት ማጣሪያ ይይዘዋል፤ በአካባቢያችን ተሠርቶ ሲያገለግል አይቻለሁ፤ ከሰሉ በጊዜው ካልተለወጠ ግን ጌጥ ነው የሚሆነው። ስለዚህ የጉድጓዱን ውሃ አስመርምሪ። እስኪታወቅ ድረስ ለማሽኑም፣ ለልጆቹም ሾርባ ከዚያ አትቅጂ።

4. ታዲያ ምን ልጨምር?

የሐይቁን ውሃ፦ በፍጹም። ቀለሙ ራሱ በወተት የተቀጠነ ቡና የሚመስለው በውስጡ በተንሳፈፈው ደቃቅ አፈር ነው፤ አፈሩ ከመድቀቁ የተነሳ በነጠላ ብታጠይው ያልፋል፣ ብታሳድሪው ቶሎ አይዘቅጥም። እንዲህ አድርጎ ማሽን የገደለ አንድ ማረፊያ ቤት አውቃለሁ፤ ስሙ ይቅር።

አምቦ ውሃም አይሆንም። ማዕድኑ ብዙ ነው፣ ጋዙም ፓምፑን ያስታል። የሚስቅ ሰው ይኖራል፤ ሲያደርጉት ስላየሁ ነው የጻፍኩት።

የታሸገ ውሃ ይሆናል፣ ግን ሁሉም አንድ አይደለም። ጠርሙሱ ላይ በደቃቁ የተጻፈውን ገልብጠሽ አንብቢ፤ ካልሲየም፣ ባይካርቦኔት፣ ፍሎራይድ የሚሉትን መስመሮች። ሁለት ሦስቱን ብራንድ አስተያይተሽ በሦስቱም ዝቅ ያለውን ምረጪ፤ ማስታወቂያው ላይ ያለውን ተራራ አትመልከቺ። «ለማሽን የታሸገ ውሃ? ብር ተረፈሽ ወይ?» የሚልሽ አይጠፋም። አስልተሽ አሳዪው፤ ለአንድ ሲኒ ኤስፕሬሶ ከነማለቅለቂያው የሚሄደው 100 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። አሥር እንግዳ ብታጠጪ አንድ ሊትር ነው። ማሽኑን ማሠራት ስንት እንደሚፈጅ እኔን ጠይቂኝ።

የዝናብ ውሃም አለልሽ። ቆርቆሮሽ ንጹሕ ከሆነና ሮቶሽ ክዳን ካለው፣ በክረምት ከዚህ የተሻለ ለማሽን አይገኝም፤ ቅርፊት የሚሠራበት ማዕድን የለውም። የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ጣሪያውን ይጠቡ፣ ወደ ሮቶ አታስገቢያቸው፤ የበጋው አቧራና የወፎቹ ኩስ ሁሉ በነሱ ነው የሚወርደው። የዝናብ ውሃ ብቻውን ቡናውን ትንሽ ያሳሳዋል፤ ሲሶ ያህል የታሸገ ቀላቅዪበት። ደግሞም አንዳንድ ማሽን ውሃ መኖሩን የሚያውቀው በብረት ዘንግ በኩል በሚያልፍ መብራት ነው፤ ማዕድን በሌለበት ውሃ ውስጥ መብራቱ ስለማያልፍ ሞልተሽው «ውሃ የለም» እያለ ይጮሃል። ሲቀላቀልበት ዝም ይላል።

5. አሞላሉ

ታንኩን አውጥተሽ ሙዪ። ማሽኑ ላይ እንዳለ በጀሪካን የሚያንቆረቁር ሰው አንድ ቀን ውሃውን ወደ ኤሌክትሪኩ ያፈሰዋል። የዘይት ጀሪካን የነበረ ስንቴ ቢታጠብ ለዚህ አይሆንም፤ የዘይት ሽታ ቡና ላይ ይጎላል። የቧንቧው ጫፍ ላይ ያለችው ወንፊት አሸዋ እንዳልያዘች እዪ፤ ላንጋኖ ነው፣ አሸዋ የማይገባበት የለም።

ከታችኛው ምልክት በታች እስኪወርድ አትጠብቂ። ታንኩ ደርቆ ፓምፑ አየር ከሳበ ድምፁ ይለወጣል፤ ይንጣጣል፣ ውሃም አይመጣም። ያን ጊዜ ወዲያው አጥፊ። ፓምፑን የሚያቀዘቅዘው በውስጡ የሚያልፈው ውሃ ነው፤ ደርቆ ሲሠራ ይቃጠላል። ታንኩን ሙዪ፣ የእንፋሎቱን ቧንቧ ከፍተሽ ከሥሩ ጆግ ያዢበት፣ ፓምፑን ለጥቂት ሰከንድ አብሪ፣ አሳርፊው፣ ድገሚው። መጀመሪያ ይተፋል፣ ቀጥሎ ውሃው ተከታትሎ ይወርዳል። አየሩ ወጥቷል ማለት ነው።

ሌላም የሚረሳ ሙሌት አለ። አንድ ቦይለር ብቻ ባለው ማሽን ወተት ካሞቅሽ በኋላ፣ በእንፋሎት የሄደው ውሃ አልተተካም። ቦይለሩ ጎድሏል፣ እጅግም ግሏል። ወተቱ እንዳለቀ የእንፋሎቱን ማብሪያ አጥፊና ውሃ እስኪወርድ ድረስ ፓምፑን ልቀቂ። ይህን የማያደርግ ሰው ሁለተኛው ሲኒ ያረረ ይሆንበታል፤ ውሎ አድሮም ማሞቂያው ውሃ ሳይሸፍነው ግሎ ይቃጠላል።

6. ዓርብ መጥተሽ እሑድ ስትሄጂ

የላንጋኖ ቤት የሰንበት ቤት ነው። እሑድ ማታ ታንኩን ሞልቶ ትቶ የሚሄድ፣ ዓርብ ሲመለስ የሚያገኘው በሙቀት የተኛ ውሃ ነው፤ ፀሐይ የምታገኘው ቦታ ከሆነ የታንኩ ግድግዳ ላይ አረንጓዴ ነገር ይዟል። ስትሄጂ ታንኩን ድፊው፣ አለቅልቂው፣ አፉን ወደ ታች ገልብጠሽ አድርቂው። ከሥር ያለውን የጠብታ መቀበያም እንዲሁ፤ ቡናና ወተት የተንጠባጠበበት ትሪ ለጉንዳን ግብዣ ነው። ቡናው የሚታመቅበትን እጀታ አውልቀሽ ለብቻው አስቀምጪ፤ ተቆልፎ ከከረመ የሚገጠምበትን ጎማ ይጨፈልቀዋል። ስትመለሺ ቡና ከማፍላትሽ በፊት አንድ ብርጭቆ ውሃ በቡና መውጫው፣ አንድ በእንፋሎቱ በኩል አሳልፈሽ ድፊ።

ውሃው አዲስ ይሁን ማለት የዛሬ ፈሊጥ አይደለም። ሚላኖዊው ሉዊጂ ቤዜራ በ1901 የባለቤትነት ማረጋገጫ የጠየቀበት ማሽን ቡናውን የሚያወጣው ከቦይለሩ ራሱ በመጣ ውሃና እንፋሎት ግፊት ነበር፤ ቡናው ያር ነበር። ሌላው ጣሊያናዊ ጋጃ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በማንሻና በሞላ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ያን ከላይ የሚቀመጠውን ወርቃማ አረፋ አመጣ። ፋኤማ የተባለው ፋብሪካ ደግሞ በ1961 ኢ61 የሚባለውን ሲያወጣ ውሃውን በፓምፕ ከውጭ እየሳበ፣ በመንገዱ ላይ እያሞቀ ለእያንዳንዱ ሲኒ አዲስ ውሃ ላከ። ያንቺ ትንሽ ማሽን የዚያ የልጅ ልጅ ነው፤ ያረጀ ውሃ ሰጥተሽው ወደ ቤዜራ ዘመን አትመልሺው።

7. ከእያንዳንዱ ሲኒ በኋላ

አተላውን አራግፊ፣ የእጀታውን ወንፊት በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊ፣ እጀታውን ሳትገጥሚ ውሃ ለሁለት ሦስት ሰከንድ ልቀቂ። በቃ። ይህን ያደረገ ሰው ሌላው ሥራ ግማሹ ቀርቶለታል።

8. ወተት

ከውሃው ቀጥሎ ጠላትሽ ወተት ነው። እኛ ደግሞ ማኪያቶን ወተት አብዝተን የምንጠጣ ሕዝብ ነን፤ እንግዶችሽ ሦስቱ ጥቁር ቢሉ ሰባቱ ነጭ ይላሉ።

የእንፋሎቱን ቧንቧ ከወተቱ እንዳወጣሽ፣ ጆጉን ሳታስቀምጪ፣ በእርጥብ ጨርቅ ከላይ ወደ ታች ጥረጊው፤ ወዲያው ደግሞ እንፋሎቱን አንዴ ፏ አድርገሽ ልቀቂ። ቅደም ተከተሉ ምክንያት አለው። እንፋሎቱን ስትዘጊ በቧንቧው ውስጥ የቀረው ቀዝቅዞ ውሃ ይሆናል፤ ውሃ ሲሆን ቦታው ባዶ ይቀርና ወተቱን ወደ ውስጥ ይስባል። በየቀኑ በጠብታ የተሳበ ወተት ቦይለር ውስጥ ገብቶ ይበሰብሳል። ሽታውን ከሩቅ አውቀዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ማሽን ስፈታ ቤተሰቡ በረንዳ ላይ ይወጣል።

የጨርቁን ነገር አደራ። ለወተት ቧንቧው የብቻው ይኑረው፣ ማታ ማታ ይፍላ። የደረቀ ወተት ከያዘ በቢላ ወይም በሽቦ አትፋቂ፤ ጫፉን ሙቅ ውሃ ባለበት ጆግ ውስጥ ዘፍዝፊው፣ ይለቃል። ቀዳዳዎቹ ከተደፈኑ ማሽኑ ጠፍቶና ቀዝቅዞ ሳለ በመርፌ ክፈቻቸው።

የጾም ነገርም አለ። ረቡዕና ዓርብ፣ ከዚያም ሁዳዴ ሲገባ የጾም ማኪያቶ የሚጠይቅሽ እንግዳ አለ፤ በለውዝ ወይም በአኩሪ አተር ወተት ትሠሪለታለሽ። ትናንት የላም ወተት ያሞቀ ቧንቧ በጨርቅ ስለተጠረገ ብቻ ለጾመኛ አይሆንም። ጾመኛው ከመምጣቱ በፊት ጫፉን ፍቺው፣ በፈላ ውሃ ዘፍዝፊው፣ እንፋሎቱን ደጋግመሽ ልቀቂ፤ ጆጉ ደግሞ የተለየ ይሁን፣ እጀታው ላይ ክር እሰሪበት። እንግዳው ባይጠይቅሽም አንቺ ታውቂዋለሽ። የለውዝ ወተት ቅባትም ልጥፍጥፍ ስለሆነ ከእሱ በኋላ ያለው አጠራረግም ያንኑ ያህል ጥንቃቄ ይፈልጋል።

9. ጀበና አይደለም

ጀበና በሳሙና አይታጠብም፤ እናቶቻችን በውሃ አለቅልቀው፣ አፉን ደፍተው ያስቀምጡታል፤ የጠገበ ጀበና ቡናው ይጣፍጣል ይባላል። ሸክላው ሽታ ስለሚጠጣ በሳሙና አለመታጠቡ ትክክል ነው። ይህን ሕግ ወደ ማሽኑ ያሻገረ ሰው ግን ብዙ አጋጥሞኛል፤ «ያሽተው፣ የቡና ሽታ ምን አለው» ይላል። ብረት አይጠጣም፤ ብረቱ ላይ የቀረው የቡና ቅባት ይበከትና በሚቀጥለው ሲኒ ይወርዳል። ባዶውን እጀታ አሽቺው። የቆየ ዘይት ከሸተተሽ ቅባቱ በክቷል።

በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ማለትም እሑድ ከመሄድሽ በፊት፣ ወንፊቱንና እጀታውን በሙቅ ውሃና በቡና ማሽን ማጠቢያ ዱቄት ዘፍዝፊ። የእጀታው ፕላስቲክ ወይም እንጨት ውሃው ውስጥ አይግባ፣ ብረቱ ብቻ። ከላይ፣ ውሃው የሚወርድበትን ወንፊት የያዘችውን ብሎን በካቻቢቴ ፍቺና ወንፊቱን አውርጂው፤ መጀመሪያ ስታወርጂው ከጀርባው የምታዪው ጥቁር ጭቃ ያስደነግጥሻል። ስትመልሺው ብሎኗን አታጥብቂ፣ እጅሽ እስኪሰማው ብቻ።

ከዚያ የኋሊት ማጠብ የሚባለው አለ፤ ይህ ግን ለሁሉም ማሽን አይደለም። ቡና አውጥተሽ ስታጠፊው «ጥስ» ብሎ ውሃ ወደ ታችኛው ትሪ የሚተፋ ከሆነ ግፊቱን የሚያስተነፍስ ቫልቭ አለው፣ ይቻላል። የማይተፋ ከሆነ ተዪው፤ ጥቅም የለውም፣ የታመቀው ግፊት እጀታውን ስትፈቺ ሙቅ ውሃ ፊትሽ ላይ ይረጫል። ለሚቻለው ማሽን ቀዳዳ የሌለውን ወንፊት እጀታው ላይ አድርጊ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ዱቄት ጨምሪ፣ ገጥመሽ አሥር ሰከንድ አብሪ፣ አጥፊ፤ አምስት ጊዜ ያህል ደጋግሚው። ከዚያ ያለ ዱቄት በንጹሕ ውሃ እንደገና። የመጀመሪያውን ሲኒ ድፊው።

ዱቄቱ ካለቀ ኦሞ አይተካውም። ሽታው ለወራት አይለቅም።

10. ቅርፊት ማውረድ

እዚህ ላይ ነው ድርብ ስህተት የሚሠራው። ኖራ ባለበት አገር የሚኖር ሰው አያወርድም፣ ማሽኑ ይታነቃል። ላንጋኖ የሚኖር ሰው ደግሞ መመሪያው «በየወሩ» ስላለ ብቻ ቅርፊት በሌለበት አሲድ ይከታል፤ አሲዱ የሚበላው ቅርፊት ሲያጣ ብረቱን ይበላል። አሉሚኒየም ቦይለር ከሆነማ ፈጥኖ። በቁጥር 4 የነገርኩሽን ውሃ ከተጠቀምሽ በየወሩ አያስፈልግሽም። ምልክቱን ጠብቂ፤ ውሃው እጀታ ሳይገጠም ሲወርድ እንደ ቀድሞው ሳይሆን ከቀጠነ፣ ለመሞቅ ከዘገየ፣ ትሪው ላይ ነጭ ፍርፋሪ ካየሽ ያን ጊዜ አድርጊው።

ሲትሪክ አሲድ የሚባል ነጭ ዱቄት አለ። 25 ግራም ያህል በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ በጥብጪ፣ ሙሉ በሙሉ ይሟሟ። ታንኩ ውስጥ ጨምረሽ ሲሶውን በቡና መውጫውና በእንፋሎቱ በኩል አሳልፊ፣ አጥፊና ሩብ ሰዓት አቆዪው፣ ቀሪውን በየተራ አሳልፊ። ቀጥሎ ሁለት ታንክ ሙሉ ንጹሕ ውሃ። በመጨረሻ የወረደውን ቅመሺ፤ የሚኮመጥጥ ከሆነ አልታጠበም።

አቼቶ ተዪ። ሽታው ጎማው ውስጥ ገብቶ ይቀራል፣ ጎማውንም ያደርቀዋል። የሎሚ ጭማቂም ተዪ፤ ሥጋውና ስኳሩ ቀጭኑን ቧንቧ ይደፍናል። በረኪናን ደግሞ ወደ ማሽኑ አታስጠጊው። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ መርዘኛ የክሎሪን ጋዝ ያወጣል፤ የማሽን ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የሳንባ ጉዳይ ይሆናል። ቤቱን ለሚጠብቀው ልጅ ይህን አንድ መስመር በቃል አስጠኚው፤ እኛ አገር በረኪና የማይገባበት ዕቃ የለምና።

11. ጎማው

እጀታው የሚገጠምበት ክብ ጎማ በሙቀት እየደረቀ ይሄዳል። ቡና ስታወጪ በጠርዙ በኩል ውሃ ካንጠባጠበ፣ ወይም እጀታው ከለመደበት ቦታ አልፎ ካልተጠመዘዘ አልጠብቅ ካለ ጊዜው ደርሷል። በኃይል አታጥብቂው። አዲስ ስትገዢ አሮጌውን ይዘሽ ሂጂ፤ «ለኤስፕሬሶ ማሽን» ብለሽ ብትጠይቂ አንዱን ይሰጡሻል፣ ውፍረቱ በግማሽ ሚሊ ሜትር ቢለይ ግን አይገጥምም።

12. የማትነኪው

ብሎን መፍታት የምትችዪው ከላይ የነገርኩሽን የወንፊቱን ብቻ ነው። ቦይለሩ ውስጥ ከመቶ ዲግሪ በላይ የሞቀ ውሃ በግፊት ታፍኖ አለ፤ በላዩ ላይ ያለችው ትንሽ የናስ ክዳን ግፊቱ ሲበዛ የምታስተነፍስ ናት። እሷ ማፏጨት ከጀመረች በጨርቅ አትድፈኛት፤ ሶኬቱን ንቀዪ፣ ራቂ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ተዪው።

ሌላ ችግር ሲገጥምሽ «ተበላሸ» ብለሽ አትላኪብኝ፤ ከዚህ ቃል ምንም አይገባኝም። ስንት ሰዓት እንደበራ፣ ምን ውሃ እንደነበረበት፣ መብራት ሄዶ እንደነበር ጻፊልኝ፣ ፓምፑ ሲሠራ ያለውን ድምፅም በስልክሽ ቅረጪና ላኪው። ውሃ ያጣ ፓምፕ ይንጣጣል፤ ቅርፊት ያነቀው ደግሞ እያቃሰተ ይጎትታል፤ አዳማ ተቀምጬም ቢሆን እለየዋለሁ።